የጭነት ማጓጓዣን የካርቦን ልቀት ለመቀነስ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ፦ ከነዳጅ ደረሰኝ እስከ አጓጓዥ ውል

የአቅርቦት ሰንሰለታቸው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ የሚነሡ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በዓይን ከሚታየው ነገር በመጀመራቸው ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ይገዛሉ፣ የፕላስቲክ ማሸጊያውን በወረቀት ይተካሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሲሠራ ግን የተቃጠለው ናፍጣ ካለፈው ዓመት በልጦ ይገኛል። አንድ ጭነት የሚያስከትለው ልቀት በአመዛኙ የሚወሰነው ሹፌሩ መሪ ከመጨበጡ በፊት፣ ትዕዛዙ በሚጻፍበትና የማስረከቢያው ቀን በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህንኑ መሠረት አድርጎ ስለሆነ፣ ተሽከርካሪ የመቀየሩ ጉዳይ ወደ መጨረሻው ቢመጣ አይገረሙ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

የሚከተሉት ሰነዶች ሳይሟሉ ስሌት አይጀምሩ።

- ያለፉት 12 ወራት የነዳጅ ደረሰኞች፣ በተሽከርካሪ ሰሌዳ ቁጥር ተለይተው።
- የእያንዳንዱ ጉዞ መነሻ፣ መድረሻና የተጫነው ዕቃ ክብደት በኪሎግራም። የባዶ ጉዞዎችም ይካተቱ።
- ለሌሎች አጓጓዦች የተከፈለባቸው ደረሰኞች፣ በየብስ፣ በባሕርና በአየር ተለይተው።
- ለማቀዝቀዣ ተሽከርካሪዎችና ለቀዝቃዛ ክፍሎች የተሞላው የማቀዝቀዣ ጋዝ ዓይነትና መጠን።

ከሰነዱ ቀጥሎ ሰዎቹን ያሰባስቡ። ከሒሳብ ክፍል፣ ከመጋዘንና ከስምሪት አንድ አንድ ሰው ይበቃል፤ የሽያጭ ኃላፊው ግን የግድ መኖር አለበት። ወደ ደረጃ 5 ሲደርሱ ለደንበኛ የሚሰጠውን የማስረከቢያ ቀን መንካትዎ ስለማይቀር፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ የሽያጭ ክፍል ሥራውን በሙሉ ያስቆመዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ መነሻ ልኬቱ ሳይታወቅ «በዚህን ያህል በመቶ እንቀንሳለን» የሚል ግብ በይፋ አያውጡ። ግቡ አንዴ ከተነገረ በኋላ ቁጥሩን ከግቡ ጋር ለማስማማት የሚደረገው ጥረት መረጃውን ያበላሸዋል።

ደረጃ 1፦ ወሰኑን ይለዩ

በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰፊው የሚሠራበት የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ልቀትን በሦስት ክልል ይከፍላል። በራስዎ ተሽከርካሪዎች የሚቃጠለው ነዳጅ በክልል 1፣ የገዙት ኤሌክትሪክ በክልል 2፣ ሌሎች ለእርስዎ ሲሉ የሚያስከትሉት ልቀት በክልል 3 ይመዘገባል። በ2011 የወጣው የክልል 3 መለኪያ 15 ምድቦች ያሉት ሲሆን ለማጓጓዣ ሥራ ዋነኞቹ ምድብ 4 እና ምድብ 9 ናቸው። አንድን ጉዞ የት እንደሚመዘግቡ ካጠራጠረዎ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። እርስዎ ከከፈሉ፣ ዕቃው ወደ ደንበኛ የሚሄድ ቢሆን እንኳ ምድብ 4 ነው፤ ዕቃውን ከሸጡ በኋላ ደንበኛው ወይም ሌላ ወገን ከከፈለ ምድብ 9 ነው።

በአንድ ገጽ ላይ የትኞቹ መስመሮች እንደተካተቱና የትኞቹ እንደቀሩ ጽፈው በኃላፊ ያስፈርሙ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ መስመር ወደ ኪራይ ተሽከርካሪ ሲዛወር ልቀቱ «ጠፋ» ተብሎ እንዳይቆጠር የሚያደርገው ይህ ወረቀት ነው።

ደረጃ 2፦ የነዳጅ መዝገቡን ያጥሩ

መጀመሪያ ሊትሩን እንጂ ብሩን፣ ዶላሩን ወይም ሌላ ገንዘብ አይከተሉ። በክፍያ መጠን ላይ የተመሠረተ ስሌት የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ወይም በድርድር የኪራይ ቅናሽ ሲገኝ፣ አንድም ጉዞ ሳይቀነስ ልቀቱ የቀነሰ ያስመስለዋል።

1. የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ የወር ሊትር ይደምሩ።
2. በዚያው ወር የተነዳውን ኪሎሜትር ከቆጣሪው ያንብቡ።
3. ሊትሩን ለኪሎሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ።
4. ከተመሳሳይ ተሽከርካሪዎች በጣም የራቀ ቁጥር ካገኙ ያን ተሽከርካሪ ለብቻው ያውጡ።

ለብቻው የወጣው ተሽከርካሪ ታሪክ አለው ማለት ነው። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል፣ የአንዱ ነዳጅ በሌላው ሰሌዳ ተመዝግቦ ይሆናል፣ ወይም ነዳጁ ወደ ታንከሩ አልገባም። የመጨረሻውን ጥርጣሬ ከዚህ ሥራ ጋር አያገናኙት፤ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈው ይለፉ። የልቀት ቆጠራ የሌባ አደን መስሎ ከታየ ከዚያ ወዲያ ከሹፌሮች ትክክለኛ መረጃ አያገኙም።

ደረጃ 3፦ መነሻ ልኬቱን ያስሉ

አንድ ሊትር ናፍጣ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ነዳጁን ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማከፋፈል የሚወጣው ሲደመርበት 3.2 ኪሎግራም ገደማ ይደርሳል። በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 የተባለው ዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ልቀት መለኪያ የሚጠይቀው ሁለተኛውን፣ ማለትም ሙሉውን ልቀት ነው። የትኛውን እንደተጠቀሙ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ራስጌ ላይ ይጻፉ፤ ሁለቱን መቀላቀል በዚህ ሥራ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የበዛው ነው።

የሥራው መለኪያ ቶን-ኪሎሜትር ነው፤ ይኸውም የተጫነው ቶን በተጓዘው ኪሎሜትር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ከባድ ተሽከርካሪ 12 ቶን ጭኖ 400 ኪሎሜትር ሄደ፣ ባዶውን ተመለሰ። ሲሄድ በ100 ኪሎሜትር 32 ሊትር፣ ሲመለስ 24 ሊትር ፈጀ።

- የነዳጅ ድምር፦ 128 + 96 = 224 ሊትር
- ልቀት፦ 224 × 3.24 = 726 ኪሎግራም
- ሥራ፦ 12 × 400 = 4,800 ቶን-ኪሎሜትር
- ውጤት፦ በአንድ ቶን-ኪሎሜትር 151 ግራም

የመልሱን ጉዞ ቢተዉት ውጤቱ 86 ግራም ይሆን ነበር። ከሚቀርቡልኝ ሪፖርቶች ብዙዎቹ «ጥሩ» የሚባል ቁጥር የያዙት በዚህ መንገድ ነው። የባዶ ጉዞ ነዳጅ ሁልጊዜ ይደመራል፤ የባዶ ጉዞ ቶን-ኪሎሜትር ግን ዜሮ ነው።

ውጤቱ ካልመሰለዎ እንዲህ ይፈትሹ። ለረጅም መንገድ ተሳቢ ተሽከርካሪ ከ40 ግራም በታች ካገኙ የባዶ ጉዞው ወይም ከመስመር ውጪ የተሞላው ነዳጅ ቀርቷል። ከ300 ግራም በላይ ከሆነ ኪሎግራምና ቶን ተቀላቅለው እንደሆነ ይመልከቱ። ስህተት ካላገኙ ተሽከርካሪው በእርግጥም አየር እየጫነ ነው፤ እሱ በደረጃ 6 ይመጣል።

ደረጃ 4፦ መስመሮቹን በልቀት መጠን ይደርድሩ

እያንዳንዱን መነሻና መድረሻ እንደ አንድ መስመር ቆጥረው ከትልቁ ልቀት ወደ ትንሹ ያስቀምጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መስመሮች የልቀቱን ሰፊ ድርሻ ይይዛሉ። ሥራውን በእነሱ ብቻ ይጀምሩ፤ ትንንሾቹን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩ።

ደረጃ 5፦ የትዕዛዝ ደንቡን ያስተካክሉ

ይህ ከሁሉም የሚከብድና ከሁሉም የሚጠቅም ደረጃ ነው፤ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፣ የሰው ልማድ መለወጥን ግን ይጠይቃል።

1. በመረጧቸው መስመሮች ላይ ያለፉትን 3 ወራት ትዕዛዞች አውጥተው ተሽከርካሪው በስንት በመቶ ተሞልቶ እንደወጣ በቀን በቀን ይጻፉ።
2. ግማሽ ሳይሞላ የወጣበትን እያንዳንዱን ቀን ይዘው «ይህ ዕቃ በማግስቱ ቢሄድ ማን ይጎዳ ነበር?» ብለው ሽያጩን ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ለብዙዎቹ ቀናት የሚመጣው መልስ «ማንም» ወይም «እንዲህ ስለለመድን» ነው።
3. በየቀኑ ይላክ የነበረውን መስመር በሳምንት ቋሚ ቀናት ይተኩ፤ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። ቀኑ ቋሚ ሲሆን ደንበኛው ክምችቱን በዚያ ልክ ያስተካክላል።
4. የትዕዛዝ መዝጊያ ሰዓት ይወስኑ። ከሰዓቱ በኋላ የሚመጣ ትዕዛዝ ወደሚቀጥለው ቀን ይሻገር።
5. ለአስቸኳይ ትዕዛዝ መውጫ በር ይተዉ፣ ነገር ግን ፈቃጁ አንድ ኃላፊ ይሁንና ምክንያቱ ይመዝገብ።

የሚጠበቀው እክል በአምስተኛው ነጥብ በኩል ይመጣል። በሁለተኛው ወር ግማሹ ትዕዛዝ «አስቸኳይ» ሆኖ ያገኙታል። ያኔ ደንቡን አያጥብቁ፤ ይልቅስ ምክንያቶቹን ቆጥረው ተደጋግሞ የሚታየውን ይፍቱ። ክምችቱ ሳይታይ ቃል የተገባ ሽያጭ ከሆነ የሽያጭ ሠራተኛው የመጋዘኑን ክምችት የሚያይበትን መንገድ ይክፈቱለት። አንድ ደንበኛ ብቻ ከሆነ በአካል ሄደው ያነጋግሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ መድኃኒት፣ ደምና የሚበላሽ ምግብ በሚጓዝበት መስመር ይህን ደረጃ አይሞክሩ። የተበላሸ ዕቃ ለማምረት፣ ለማጓጓዝና ለማስወገድ የወጣው ሁሉ በከንቱ የወጣ ልቀት ስለሆነ፣ ከነዳጁ የሚገኘው ቁጠባ አይመልሰውም።

ደረጃ 6፦ የተሽከርካሪውን ሆድ ይሙሉ

ሜትር ይዘው ወደ መጫኛው በር ይሂዱ። ስሌቱን ቢሮ ተቀምጠው አይሥሩት። በአንድ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ሲጫን ስመለከት የፓሌቶቹ (ዕቃ ተደርድሮባቸው የሚነሡ ጠፍጣፋ መቀመጫዎች) ቁልል ደረቴ ላይ ይቀር ነበር፤ ከላዩ እስከ ጣሪያው ከአንድ ሜትር በላይ ባዶ ነበር። ግድግዳው ላይ «ቁልል ከ1.30 ሜትር አይብለጥ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሲጣራ ደንቡ የወጣው ከዓመታት በፊት ተነቅሎ ለተሸጠ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ሄዶ ወረቀቱ ቀርቷል።

1. የቁልሉን ከፍታ፣ የተሽከርካሪውን የውስጥ ከፍታና በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይለኩ።
2. የቁልሉን ከፍታ የወሰነው ደንብ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የካርቶኑ ጥንካሬ ከሆነ ያክብሩት፤ ልማድ ከሆነ ይፈትኑት።
3. ካርቶኑ ከፓሌቱ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ነጥብ ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። 1200 በ800 ሚሊሜትር በሆነ ፓሌት ላይ 600 በ400 የሆነ ካርቶን በአንድ ረድፍ በትክክል 4 ይቀመጣል። ካርቶኑ 620 በ420 ቢሆን ከጠርዙ ሳይወጣ የሚቀመጠው 2 ብቻ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር የፓሌቱን ግማሽ በላ ማለት ነው። ሠራተኞች ይህን ለማካካስ ካርቶኑን ከጠርዝ ያወጡታል፤ ወጣ ያለው ጎን ግን ክብደት ስለማይሸከም የታችኛው ረድፍ ይጨፈለቃል። መፍትሔው ያለው ከማሸጊያ አቅራቢው ዘንድ ነው፤ በሚቀጥለው የማሸጊያ ትዕዛዝ ልኩን ያስቀይሩ።

ቀላል ግን ሰፊ ዕቃ የሚጭኑ ከሆነ የክብደት መቶኛ ያሳስትዎታል። ተሽከርካሪው በክብደት 30 በመቶ ሆኖ በስፋት ሙሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ይመዝግቡና የሚበልጠውን ይከተሉ።

ማሸጊያ ከቀነሱ በኋላ የተሰበረና የተመለሰ ዕቃ ቁጥር ለ8 ሳምንታት በየሳምንቱ ይከታተሉ። ከቀድሞው ከፍ ካለ ወዲያውኑ ወደ ቀድሞው ማሸጊያ ይመለሱ፣ ከዚያም አንድ በአንድ እየቀነሱ ይሞክሩ። ሁሉን በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው ለውጥ እንደጎዳው ማወቅ አይችልም።

ደረጃ 7፦ የመልስ ጭነት ይፈልጉ

ከራስዎ ይጀምሩ። በመድረሻው አካባቢ የእርስዎ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ አለን? ካለ የእሱን ዕቃ በመልስ ይጫኑና የማድረሻውን ኪራይ ከዋጋው እንዲቀንስ ይደራደሩ። ከሌለ ባዶ ፓሌትና የሚመለስ ማሸጊያ፣ ከዚያ በኋላ የሌላ ድርጅት ጭነት ይታሰብ።

በደረጃ 3 ያየነው ተሽከርካሪ በመልሱ 10 ቶን ቢጭንና 30 ሊትር በ100 ኪሎሜትር ቢፈጅ፣ ነዳጁ ወደ 248 ሊትር፣ ልቀቱ ወደ 804 ኪሎግራም ከፍ ይላል። ሥራው ግን 8,800 ቶን-ኪሎሜትር ስለሚሆን ውጤቱ ወደ 91 ግራም ይወርዳል። ድምሩ ሲጨምር አይደንግጡ፣ ግን ዝም ብለው አይለፉት፤ ትርፉ እውነተኛ የሚሆነው ያን 10 ቶን ሊያመጣ የነበረ ሌላ ተሽከርካሪ ከጉዞ ሲቀር ብቻ ነው።

ተሽከርካሪው የመልስ ጭነት ፍለጋ ከመንገዱ ብዙ የሚርቅ ወይም ሞተሩን ሳያጠፋ ለሰዓታት ወረፋ የሚጠብቅ ከሆነ ያን መስመር ይተዉት።

ደረጃ 8፦ የማጓጓዣውን ዓይነት ይመርምሩ

በግምት ሲታይ በአንድ ቶን-ኪሎሜትር ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ 10 ግራም አካባቢ፣ ባቡር በጥቂት አሥር ግራሞች፣ ከባድ ተሽከርካሪ ከ60 እስከ 150፣ የጭነት አውሮፕላን ደግሞ ከ500 በላይ ያወጣሉ። ስለዚህ በአየር የሚመጣ ዕቃ ካለዎት ሌላውን ሁሉ ትተው እሱን ይያዙ።

አንድ ቶን በአየር 8,000 ኪሎሜትር በ600 ግራም ሲጓዝ 4.8 ቶን ልቀት ያስከትላል። በባሕር መንገዱ ረዝሞ 12,000 ኪሎሜትር ቢሆን እንኳ በ10 ግራም 120 ኪሎግራም ነው። ሁሉንም በባሕር ማምጣት ካልተቻለ በእርግጠኝነት የሚሸጠውን መጠን፣ ለምሳሌ 90 በመቶውን፣ ቀደም ብለው በባሕር ይዘዙና ያልተጠበቀውን ፍላጎት ብቻ በአየር ይሸፍኑ።

ወደ ባቡር ሲቀይሩ ከጣቢያው በፊትና በኋላ ያለውን የተሽከርካሪ ጉዞ መደመር አይርሱ። አጭር ርቀት ላይ ይህ ጉዞ የባቡሩን ትርፍ ሊበላው ይችላል።

ደረጃ 9፦ አነዳድና ጥገና

አንድ ከባድ ተሽከርካሪ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ናፍጣ ያቃጥላል። በቀን 2 ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢቆጠር 1,500 ሊትር ነው። ሹፌሩን ከመገሠጽዎ በፊት ግን የቆመበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የእርስዎ መጋዘን በር እስኪከፈት ነው። የመጫኛ ተራ በሰዓት ከፋፍለው አስቀድመው ይስጡ።

የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። የፍጥነት ጣሪያ ይወሰን፤ አየሩ ተሽከርካሪውን ወደኋላ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር ከፍጥነት ላይ የሚቀነስ ጥቂት ኪሎሜትር በነዳጁ ላይ ይታያል። ማበረታቻ ከሰጡ ለቡድን እንጂ ለግለሰብ አይስጡ፣ ተራራማና ሜዳማ መስመሮችንም አያወዳድሩ።

ደረጃ 10፦ የማቀዝቀዣ ጋዝ

ይህ ሁልጊዜ የሚረሳ ነው። አር-404ኤ የተባለው ማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ ኪሎግራም ወደ አየር ሲያመልጥ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅሙ ከ3.9 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። 2 ኪሎግራም ያፈሰሰ አንድ ማሽን 2,400 ሊትር ያህል ናፍጣ እንደማቃጠል ነው። በየጊዜው ጋዝ «የሚሞላለት» ማሽን የሚያፈስ ማሽን ነው፤ ቀዳዳው ሳይገኝ ዳግመኛ እንዳይሞላ ያዝዙ።

ደረጃ 11፦ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ

አሁን ተራው ደርሷል። በየቀኑ ወደ መነሻው የሚመለስ፣ ርቀቱ የታወቀና ሌሊት የሚያድር መስመር ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊት በሙሉ ጭነትና በእውነተኛው መስመር ላይ ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት፤ በወረቀት የተጻፈው ርቀት ባዶውን ወይም በሜዳ የተለካ ሊሆን ይችላል። የግቢው የኤሌክትሪክ አቅም ብዙ ተሽከርካሪ በአንድ ጊዜ መሙላት መቻሉን አስቀድመው በባለሙያ ያስፈትሹ። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ቁጠባው ስለሚያንስ፣ በአገሩ የኃይል ምንጭ የተሰላ ቁጥር ይጠቀሙ።

ደረጃ 12፦ የአጓጓዥ ውል

ከአጓጓዡ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ የፈጀው ሊትር፣ የጫነው ቶን፣ የተነዳው ኪሎሜትር ባዶውን ጨምሮ። አርባ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ከላኩ አርባ የተገመተ መልስ ይመጣልዎታል። ግዴታውን በውሉ ውስጥ ያስገቡና በምላሹ የረጅም ጊዜ ውል ወይም የተረጋገጠ የጭነት መጠን ያቅርቡ፤ ያለዚህ ትንንሽ አጓጓዦች መረጃውን የሚያዘጋጁበት ምክንያት የላቸውም።

አጓጓዡ እምቢ ካለ የታወቀ አማካይ ቁጥር ይጠቀሙ፣ በሠንጠረዡ ላይ ግን «ግምት» ብለው በሌላ ቀለም ያስቀምጡት።

ደረጃ 13፦ በየወሩ የሚታዩ ሦስት ቁጥሮች

አጠቃላይ ልቀት በቶን፣ ልቀት በቶን-ኪሎሜትር፣ በጊዜው የደረሰ ዕቃ በመቶኛ። ሦስቱ አብረው ይቅረቡ።

- ሁለተኛው ወርዶ የመጀመሪያው ከጨመረ ሥራው አድጓል ወይም ዕቃው ይበልጥ እየራቀ ይመጣል፤ የአቅራቢዎቹን ርቀት ይመልከቱ።
- ሁለቱም ወርደው ሦስተኛው ካሽቆለቆለ በደረጃ 5 የወሰኑት የቀን ቁጥር አንሷል፤ በዚያ መስመር ላይ አንድ ቀን ይጨምሩ።
- ሁሉም በድንገት ከወረዱ ከመደሰትዎ በፊት ያልገባ ደረሰኝ ይፈልጉ።

የካርቦን ማካካሻ (ሌላ ቦታ ልቀት ለሚቀንስ ሥራ የሚከፈል ገንዘብ) ከገዙ በሌላ ገጽ ይመዝግቡት፤ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከየትኛውም አይቀነስም።